የውጭ ጥሪ ወጪያችን እና የቁጠባ ደብተራችን
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሳ ስለ ዘገየ የብድር ክፍያ ሊናገር ነው ተብሎ ፊት መጨፍገጉን እናውቃለን። ዛሬ የመጣነው ስለ ስልክ ልናወራ ስለሆነ ዘና በሉ።

ብድር ስትጠይቁ የቤት ወጪ ዝርዝር እናስሞላችኋለን። ጤፉ ይጻፋል፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ዕድሩና ዕቁቡ ይጻፋል። የስልክ ካርድ ግን አይጻፍም። ስንጠይቅ «እሱማ ምን አላት፣ አልፎ አልፎ ነው የምሞላው» እንባላለን። ልጅ ወይም እህት ውጭ አገር ያላቸውን የተወሰኑ አባላት ለአንድ ወር የሞሉትን ካርድ ሁሉ፣ የሃያውንም የሃምሳውንም፣ በደብተር እንዲይዙልን ለመንናቸው። ደብተሩን ይዘው ሲመጡ ያልደነገጠች አልነበረችም። አንዷማ «ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ የበላሁት?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደመረችን። ወጪው በትንሽ በትንሹ ስለሚወጣ አይታይም፤ ቀዳዳ ባለው ጆንያ እህል እንደመሸከም ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ለስሌት እንዲመቸን ወደ ውጭ የሚደወል የአንድ ደቂቃ ጥሪ 20 ብር ነው እንበል። ትክክለኛው ዋጋ እንደ አገሩና እንደ ጥቅሉ ስለሚለያይ እናንተ የራሳችሁን አስገቡበት። በሳምንት አንድ ቀን ለ15 ደቂቃ የምታወራ እናት በወር 60 ደቂቃ ታወራለች። 60 በ20 ሲባዛ 1,200 ብር። በዓመት 14,400 ብር። እንጀራ ጋግረው ለሚያቀርቡ አባሎቻችን ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሳ፣ እንዳትቀየሙን። ሰላምታችን ረጅም ነው። «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሰው ሁሉ ደህና? ልጆቹስ? እነ እትዬስ?» እያልን፣ እነሱም ከዚያ ማዶ ያንኑ እየመለሱልን፣ አራት ደቂቃ ይሄዳል። በ20 ብር ሒሳብ ሰላምታው ብቻ 80 ብር ነው። ሰላምታ ቀንሱ አንላችሁም፤ እኛም አንቀንስም። ሰላምታችንን እንደ ልባችን የምንለዋወጥበት ርካሽ መንገድ ስላለ እሱን እናሳያችሁ ብለን ነው።

መንገዱ የኢንተርኔት ጥሪ ነው። ብዙዎቻችሁ ኢሞ፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ቫይበር የሚሉትን ስም ታውቃላችሁ፤ ልጆቻችሁ ስልካችሁ ላይ ጭነውላችኋል። እንዴት እንደሚሠራ ግን ያስረዳችሁ ሰው ጥቂት ነው፤ ካልገባን ደግሞ ቆጠብን ስንል ሌላ ቦታ እንከስራለን።

በመደበኛው ጥሪ ልጃችን ከቤይሩት ስትደውል የዚያ አገር የስልክ ድርጅት ጥሪውን እዚህ ተቀብሎ ለሚያደርስለት ድርጅት በየደቂቃው የማድረሻ ክፍያ ይከፍላል። ይህ ክፍያ ነው የሩቅ ጥሪን የሚያስወድደው። በኢንተርኔት ጥሪ ግን ድምፃችን እንደ ፎቶና እንደ ጽሑፍ መልእክት በጥቃቅኑ ተቆራርጦ በዳታ መስመር ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ተገጣጥሞ ይሰማል። ለእሱ ሩቅና ቅርብ የለውም። ከመርካቶ ቦሌ ተደወለ ከመርካቶ ዋሽንግተን፣ የሚበላው ዳታ ያው ነው።

ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ዳታውን እንከፍላለን። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በመደበኛው ስልክ እዚህ አገር ቤት የሚከፍለው ደዋዩ ነው፣ ተቀባዩ ዝም ብሎ ያወራል። በኢንተርኔት ጥሪ ሁለቱም ወገን ዳታ ያወጣል። «እሷ ዋይፋይ አላት፣ እሷ ስለምትደውል እኔ አልከፍልም» የሚባለው ስህተት ነው፤ በእኛ ዳታ ከሆንን ከእኛም ይቆረጣል።

ምን ያህል? በድምፅ ብቻ ሲሆን በደቂቃ በአማካይ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ቅድም ያልነው የወር 60 ደቂቃ 30 ሜጋባይት ቢበላ ነው። አንድ ጊጋባይት 1,024 ሜጋባይት ስለሆነ በድምፅ ብቻ ከ2,000 ደቂቃ በላይ፣ ማለትም ወደ 34 ሰዓት ያስወራል። ምስሉ ሲከፈት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቪዲዮ በደቂቃ 5 ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ያው ጊጋባይት በ200 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ስለዚህ እኛ የምንመክረው ሰላምታውን በቪዲዮ፣ ወሬውን በድምፅ ነው። ፊቷን እዩ፣ ከስታ እንደሆነ ተመልከቱ፣ የልጅ ልጅ ካለ ሳሙ፣ ከዚያ ካሜራውን አጥፍታችሁ ተጫወቱ።

ዳታችሁን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ጥሪው ራሱ አይደለም። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ቡድኖች የሚልኩት ቪዲዮ ሳንነካው በራሱ ይወርዳል፣ ልጆቹ ቲክቶክ ያያሉ፣ ስልኩ አፖቹን በራሱ ያድሳል። ከዚያ «ኢንተርኔት ጥሪ ይበላል» እንላለን። በራሱ ማውረዱን የሚዘጋውንና ለጥሪ አነስተኛ ዳታ ተጠቀም የሚለውን ማስተካከያ በስልካችሁ ላይ እናሳያችኋለን፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው፣ ጥቅል ሳይገዙ በቀጥታ ከሒሳብ ላይ ኢንተርኔት መጠቀም ያስከስራል። መጀመሪያ ጥቅሉን ግዙ፤ በ*999# ወይም በቴሌብር ይገዛል። የሚያበቃበትንም ቀን እዩ። የቀን ጥቅል ገዝቶ ማታ መተኛት ገንዘብ መጣል ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ስካይፕ ሲመጣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ያለ ክፍያ ማውራት ተቻለ፤ ወደ ስልክ ቁጥር ሲደወል ግን ይከፈልበት ነበር። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ አለ። ከአፕ ወደ አፕ ሲሆን ዳታ ብቻ ነው የሚወጣው። ከአፕ ወደ ተራ ስልክ ሲሆን የማድረሻ ክፍያው ስላልቀረ በደቂቃ ይከፈላል። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ለዓመታት የደወሉልን በሱቅ በሚሸጥ የጥሪ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃና የሚያስወራው ደቂቃ አይገናኝም ነበር፤ የመገናኛ ክፍያ፣ የሳምንት ክፍያ እየተባለ ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ካርድ ሻጮችን ደቂቃ አጋንናችሁ ታስተዋውቃላችሁ ብሎ ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። በኋላ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ቴሌግራም በ2017 የድምፅ ጥሪ ጀመሩ። ስካይፕ ራሱ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘግቷል፤ የድሮ አፕ ላይ ገንዘብ የምታስቀምጡ ካላችሁ ይህን አስቡ። አፕ ይመጣል፣ አፕ ይሄዳል። የልጃችሁን ስልክ ቁጥር በደብተር ጽፋችሁ ያዙ፤ አፕ ውስጥ ብቻ ያለ ቁጥር ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ስለ ገንዘቡ ይህን ያህል አወራን። አሁን ከገንዘቡ የሚበልጠውን እንንገራችሁ። አባላችን ስለፈቀደችልን እናወራዋለን፤ ስሟን አንጠራም። ልጇ ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች። በካርድ ዘመን ጥሪው ሦስት ደቂቃ ነበር። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «በላሽ?» «በላሁ።» ከዚያ ይቋረጣል። እናትየው ኢሞ ከጀመረች በኋላ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ፣ ምጣዱ አጠገብ አስቀምጣ፣ እየጋገረች ታወራት ጀመር። ልጅቷም እዚያ እየተኮሰች ታወራለች። አንድ ቀን ስለ ጎረቤት ሠርግ ሲያወሩ በመሀል ልጅቷ «እኔማ አምስት ወር ሆነኝ ደመወዝ ካየሁ» አለች። እንዲህ ያለ ቃል በሦስት ደቂቃ ጥሪ አይወጣም፤ እናትን ላለማስጨነቅ ይዋጣል። እናትየው አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የአሠሪዋን ስምና ሰፈር፣ የኤጀንሲውን ስልክ በዝርዝር አስነግራ፣ በማግስቱ ለእኛ አስጻፈች። ማመልከቻውን አዘጋጅተን ለሚመለከታቸው አቀረብን። ከአምስቱ ወር የሦስቱ ተከፍሏታል። የሁለቱ ገና ነው፤ ፋይሉ አልተዘጋም።

ሊባኖስን ካነሳን አይቀር፣ ይህ የኢንተርኔት ጥሪ እዚያ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ እንንገራችሁ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ መንግሥት በዋትስአፕና በመሰሎቹ ጥሪ ላይ በቀን 20 የአሜሪካ ሳንቲም፣ በወር እስከ 6 ዶላር ሊያስከፍል ነው ሲባል ሕዝቡ በዚያው ምሽት አደባባይ ወጣ። ሌላም የቆየ ብሶት ነበረበት። ግብሩ በሰዓታት ውስጥ ቢሰረዝም ተቃውሞው አላባራም፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ።

ልጆቻችን ያሉበት አገር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ይህን በደንብ ስሙን። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ማለትም ዱባይና አቡዳቢ፣ ፈቃድ የሌለው የኢንተርኔት ጥሪ የተዘጋ ነው። በዋትስአፕ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ይሄዳል፣ ጥሪው ግን አይሠራም። ፈቃድ ያላቸው እንደ ቦቲም ያሉ አፖች አሉ። አንዳንዶቻችሁ «ቪፒኤን ጫኚና ደውዪ» እያላችሁ ልጆቻችሁን ትመክራላችሁ። አትምከሩ። ሕግ የከለከለውን ለመሥራት ቪፒኤን መጠቀም በዚያ አገር ቅጣቱ ከ500 ሺህ ድርሃም ይጀምራል። የሰው ቤት ሠራተኛ ይህን ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታ አትከፍለውም። ሳዑዲ ዓረቢያ በመስከረም 2010 ዓ.ም. እገዳውን አንስታለች፤ ሆኖም ሁሉም አፕ በአንድ ጊዜ እኩል አልተከፈተም። የትኛው እንደሚሠራ የምታውቀው እዚያ ያለችው ልጅ ናት፤ እሷን ጠይቁ፣ እኛ ወደ እሷ አፕ እንሂድ።

የሰዓቱንም ነገር ተስማሙ። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ናቸው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ሲጨመርበት «ሁለት ሰዓት» የሚባለው የማን ሁለት ሰዓት እንደሆነ ይጠፋል። «ከመግሪብ ሶላት በኋላ»፣ «አንቺ ከሥራ ስትወጪ» ብላችሁ ብትቀጣጠሩ ይሻላል።

ንክኪ ስልክ የሌላችሁ፣ ወይም እናታችሁ ወሎና ጎጃም ገጠር በባለ ቁልፍ ስልክ ያለች፣ «ታዲያ ይሄ ለኛ ምን ይሠራል» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ ለእሷ መደበኛው ጥሪ ግድ ነው። ግን የገበያ ቀን ከተማ ስትወጣ ንክኪ ስልክ ያለው የዘመድ ልጅ አይጠፋም። ኔትወርክ በተቆራረጠበት ቦታ ደግሞ የድምፅ መልእክት ከጥሪ ይበልጣል። ተቀድቶ ይላካል፣ መስመር ሲገኝ ይደርሳል፣ ደጋግሞ ይሰማል። ፊደል ላልቆጠሩ እናቶቻችን ከዚህ የተሻለ ነገር አላየንም። እንዲያውም ልጃቸው የላከችውን ምርቃትና ሳቅ ሳያጠፉ እያስቀመጡ ሌሊት የሚሰሙ አሉ።

አሁን ለጋሾቻችንም የሚሰሙት ነገር ላይ ደረስን። የቢሯችን የኢንተርኔት መስመር የሚከፈለው ከድጋፍ ገንዘብ ነው። የወር ክፍያው ያልተገደበ ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት አባላት መጥተው ቢደውሉ ተጨማሪ ሳንቲም አይወጣም። ቢሆንም የሰው ገንዘብ ነውና መዝገብ ይዘናል፦ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ። ከማን ጋር እንዳወራች አንጽፍም። ሪፖርታችን ውስጥም በግልጽ እናሰፍረዋለን። አንዳንዶቻችሁ «በነፃማ አይሆንም፣ አምስት አምስት ብር እንክፈል» ብላችሁናል። ቅንነታችሁ ደስ ይላል፣ ግን አንቀበልም። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪን ከልክሎ ነበር። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ አደረገው። ያኔ «ስካይፕ ሊያሳስረን ነው» ተብሎ ብዙ ተወርቶ፣ መንግሥት ለግል መጠቀምን አይመለከትም ብሎ ማብራሪያ ሰጥቶ ነበር። ዛሬ በየቤቱ የሚደወል ነገር ነው። ማኅበራችን ግን ጥሪ ሸጠ እንዲባል አንፈልግም።

ሌላም ከዚሁ ጋር የሚሄድ አለ። ልጃችሁ ከጂዳ ደውላ ስልካችሁ ላይ የአገር ውስጥ 09 ቁጥር ከወጣ፣ ጥሪው ሲም ቦክስ በሚባል ሕገ ወጥ መሣሪያ አልፎ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሲም ካርድ ተሰክቶበት የውጩን ጥሪ የአገር ውስጥ አስመስሎ ያሳልፈዋል። መልሳችሁ ብትደውሉ ልጃችሁን አታገኙም። እዚያ ያለችው ልጅ ርካሽ ብላ የገዛችው ካርድ ይሆናል፤ ንገሯት።

ሌባውም እንደኛው ኢንተርኔት ላይ ገብቷል። በአጭር መልእክት የሚመጣላችሁን ኮድ ለማንም እንዳትነግሩ፣ «ከቴሌ ነው»፣ «ዕጣ ደርሶሻል» ቢላችሁም። ኮዱን የያዘ ሰው የእናንተን ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ወስዶ በስማችሁ ለዘመድ ሁሉ «ተቸግሬአለሁ ብር ላኩልኝ» ይላል። አንዲት አባላችን ኩዌት ባለች እህቷ ስም እንዲህ ያለ መልእክት ደርሷት፣ ገንዘቡን ልትልክ ወጥታ፣ ባንክ በር ላይ ሆና «እስቲ ድምፅሽን ላኪልኝ» ስትል ዝም ተባለ። ገንዘቧ ተረፈ። ከልጆቻችሁ ጋር አንድ የቤት ምልክት ያዙ፤ የላም ስም፣ የልጅነት ቅጽል ስም፣ ሌላ ሰው የማያውቀው። ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ መጀመሪያ ያ ስም ይጠራ። ሁለተኛ የይለፍ ቁጥርም አፑ ላይ እናስገባላችኋለን።

የተረፈውን ገንዘብ በተመለከተ ሒሳብ ክፍሉ ሐሳብ አለው። እስከ ዛሬ በወር ለውጭ ጥሪ ታወጡ የነበረውን ጻፉ፤ አሁን የጥቅል ዋጋውን ቀንሱ፤ ልዩነቱን ካርድ ትሞሉ በነበረበት ቀን ወደ ቁጠባ ደብተራችሁ አስገቡ። በዚያው ቀን ካልገባ በሌላ ነገር ያልቃል፤ ይህን ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። በደብተሩ ላይ «ከስልክ» ብለን ለይተን እንጽፍላችኋለን፣ ዓመቱ ሲያልቅ ስንት እንደሆነ ይታያል።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮው ክፍት ነው። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፤ መብራት ከጠፋ ዋይፋዩም ስለሚጠፋ ትንሽ ዳታ ብትይዙ ጥሩ ነው። የምትደውሉለትን ሰው ቁጥር ከአገሩ መለያ ጋር ጽፋችሁ አምጡ፦ ሳዑዲ +966፣ ኤምሬቶች +971፣ ሊባኖስ +961፣ ኩዌት +965። ማንበብ ለማይመቻችሁ ከአባላት ልጆች ሁለት ወጣቶች አጠገባችሁ ይቀመጣሉ። ማዳመጫ ከሒሳብ ክፍል ትወስዳላችሁ፣ ስትጨርሱ ትመልሳላችሁ፤ ባለፈው ወር ሁለቱ ስላልተመለሱ አሁን በፊርማ ነው።